እትዬ ግፊና ዝንብ አርቢዋ ነርስ

እትዬ ግፊ ስሟን ያገኘችው በገዛ እጇ ነው። በመድኃኒት ፋብሪካ ግዢ ክፍል ስትሠራ፣ አንዲት የላቦራቶሪ ሠራተኛ አዲስ የሥራ ሐሳብ ይዛ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ስታቅማማ አየቻት። "ግፊው እንጂ፣ በር አይናከስም" አለቻት። ልጅቷ በሩን መግፋት ሲያቅታት እትዬ ልጅቷን ገፋቻት። በሩ ገርበብ ብሎ ኖሮ ልጅቷ ምንጣፉ ላይ በግንባሯ ተደፋች። ሥራ አስኪያጁ ደንግጦ አነሣት፤ ካነሣት በኋላ ሳይሰማት ማስወጣቱ ነውር ሆነበትና ሰማት። ዛሬ ያቺ ልጅ የራሷ የደም መመርመሪያ ማምረቻ አላት። ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች፤ ለጠየቃት ሁሉ "መነሻ ካፒታሌ ናት" ትላለች።

እትዬ ራሷ ሳይንስ አልተማረችም። ግን በየስብሰባው ጥግ ተቀምጣ ስትታዘብ አንድ ነገር አንጀቷን ሲያሳርራት ኖሯል። ላቦራቶሪ ውስጥ ጎንበስ ብላ አዲሱን ነገር የምታገኘው አንዷ ናት፤ ስብሰባ ላይ ቀና ብሎ የሚያወራው ሌላው። "ያማጠችው እሷ፣ ልጁ የሚጠራው በሱ" ትል ነበር።

ጡረታ እንደወጣች ከባሏ ፀጉር ቤት ጀርባ ያለችውን የዕቃ ክፍል ተረከበችና በሱቁ መስታወት ላይ ወረቀት ለጠፈች፦ "በጤናና በሕይወት ሳይንስ ሥራ መጀመር የምትፈልጉ፣ በር የተዘጋባችሁ ግቡ።" መጀመሪያ የገባው ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ የወጣ ጎረቤት ነበር። አላባረረችውም። ቁልፍ ሠሪ አስጠርታ ከሸኘችው በኋላ ጽሑፉን አስተካከለች።

ቀስ በቀስ ትክክለኞቹ መጡ። ገንዘብ ሰጪ ሁሉ "ባልሽን ይዘሽ ነይ" የሚላት ሴት፣ በክራንች ስለሚሄድ ደረጃ ላይ ያለው ቢሮ ሁሉ የተዘጋበት የዘረመል ተመራማሪ፣ የተማረችበትን ኮሌጅ ስም ማንም ሰምቶት ስለማያውቅ ማመልከቻዋን የሚያነብላት ያጣች ወጣት። እትዬ ማይክሮስኮፕ በቅናሽ የሚገኝበትን፣ በየትኛው ቢሮ ማን እንደሚፈርም፣ የትኛው ኃላፊ ከምሳ በፊት እንደሚቆጣ ታውቃለች። ከሁሉ በላይ ግን ንግግር ማለማመድ ትወዳለች። እያንዳንዱ ሰው ሐሳቡን ለባሏ ማስረዳት ነበረበት። ባሏ ደንበኛ በሌለ ጊዜ የመላጫ ወንበሩ ላይ ጋለል ብሎ ይሰማል። ሰፈሩ "ሬዲዮ" ይለዋል፤ ሲያወራ ማጥፊያ የለውምና። ሌላ ሰው ሲያወራ ግን ወዲያው እንቅልፍ ይጥለዋል። እንቅልፍ ከወሰደው ንግግሩ እንደገና ይጻፋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ መጣች። በሆስፒታል የቁስል ክፍል ለረጅም ጊዜ የሠራች፣ ድምፅዋ ከትንፋሽዋ የማይበልጥ ሴት ናት። ስትናገር የምታየው ወለሉን ነው።

"ለ... ለቁስል የሚሆኑ ትንንሽ ፍጥረቶች አረባለሁ" አለች።

"ምን ዓይነት ፍጥረት?" አለች እትዬ።

"ነፍሳት ናቸው።"

"ነፍሳትም ስም አላቸው፣ ልጄ።"

ነርሷ ድምፅዋን ይበልጥ ቀንሳ፣ "ትል" አለች። "የዝንብ ትል።"

ሬዲዮ፣ ዓይኑ ሊከደን የነበረው ሰውዬ፣ ወንበሩ ላይ ተቃንቶ ተቀመጠ።

ነርሷ ለወለሉ ማስረዳቷን ቀጠለች። መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ በወንፊት በተሠራ ሳጥን ዝንቦች ታረባለች። እንቁላላቸውን ከጀርም ታጸዳለች። ሲፈለፈሉ ትሎቹ በፋሻ ታሽገው አልድን ያለ ቁስል ላይ ይደረጋሉ፤ የሞተውን ሥጋ በልተው ጤነኛውን ይተዋሉ። የክፍሉ ሐኪም ፈቅዶላት በሆስፒታሉ ሞክራዋለች፣ እግራቸው ከመቆረጥ የተረፈላቸውም አሉ። አሁን ለሌሎች ሆስፒታሎች የሚበቃ ለማምረት ንጹሕ ክፍልና መነሻ ገንዘብ ትፈልጋለች። የሄደችበት የመጨረሻው ቢሮ "እኛ የምንደግፈው ዝንብ ማጥፋትን ነው" ብሎ መልሷታል።

"ጮክ ብለሽ ብትነግሪያቸው ኖሮ..." አለች እትዬ።

"እናቴ 'በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም' እያለች ነው ያሳደገችኝ።"

"የምትሸጪው እኮ ዝንብ ነው! አፍሽን ካልከፈትሽ ከየት ይወጣል?"

ይኼኔ ሬዲዮ ጣልቃ ገባ። "ያማል?" አለ።

"ያሳክካል እንጂ ብዙም አያምም፣ ጋሼ።"

"ስኳር ያለበት ሰውስ?"

"በተለይ ለነሱ ነው።"

"ተረከዝ ላይም ይሆናል? ከውስጥ በኩል፣ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ጠጋ ያለ ቢሆንስ? ጫፉ ጠቆር ያለ?"

እትዬ ባሏን አየችው። ከተጋቡ ወዲህ ስለ ማንም ሥራ ይህን ያህል ጠይቆ አያውቅም። ሰሞኑን ካልሲውን ራሱ ማጠብ እንደጀመረም ትዝ አላት፤ እሷ ደግሞ ሰው በስተርጅና ይሻሻላል ብላ ተደስታ ነበር።

"ጫማህን አውልቅ" አለችው።

"ደንበኛ ሊመጣ..."

"አውልቅ አልኩህ።"

አወለቀ። ነርሷ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምንም ፍርሃት ተንበርክካ እግሩን ያዘች። ቁስሉን ስታይ ፊቷ ጠነከረ። "ጋሼ፣ ይኼ ለነገ የሚባል አይደለም" አለች። እትዬ ቁጣዋን ለማታ አቆይታ ታክሲ ጠራች።

የነርሷ ክፍል ሐኪም መርምሮ ሌላውን ሕክምና ካዘዘለት በኋላ ትሎቹንም ፈቀደ። ሬዲዮ ፋሻው ሲታሰርለት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ለመደ። አልጋው ላይ ተንጋሎ እግሩን ቁልቁል እያየ ትሎቹን "ጎን ጎኑን አሳጥሩልኝ፣ ከላይ እንዳለ ይሁን" ሲል ነርሷ ሳታስበው ሳቀች። ፋሻው በተነሣ ጊዜ ቁስሉ ጠርቶ ቀላ ያለ ጤነኛ ሥጋ ወጥቶበት ነበር። ለመዳን ገና ብዙ ቢቀረውም እግሩ ተርፏል።

ይህን ያየች እትዬ ለጀማሪ ድርጅቶች ማዕከል አመለከተችላት። ማዕከሉ ላቦራቶሪና መነሻ ገንዘብ የሚሰጠው በባለሙያዎች ፊት ቀርቦ ላሳመነ ነው። እትዬ ባሏንም ምስክር ይሆናል ብላ ይዛው ሄደች። ያን ቀን የፈጸመችው ትልቁ ስሕተት ይኼ ነበር።

ነርሷ ትሎቹን የያዘውን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሰብሳቢው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ። እሷ ንግግሯን እንደለመደችው ለወለሉ ጀመረች፤ ድምፅዋ ከመጀመሪያው ረድፍ አላለፈም።

"ለመሆኑ ይህን የሚቀበል በሽተኛ ይገኛል?" ሲል ጠየቀ ሰብሳቢው።

"አለሁ!" ብሎ ሬዲዮ ተነሣ።

በደንብ ነበር የጀመረው። ስለ ቁስሉ ተናገረ፣ አሳቃቸው። ሲስቁለት ግን ልቡ አበጠ። "ዝንቦቿ" ያለው "ዝንቦቻችን" ሆነ። ቀጥሎ "ሥራውን ስንጀምር ያጋጠመን ችግር" አለ። ባለሙያዎቹ ወንበራቸውን ወደሱ አዞሩ። ነርሷ ብልቃጧ አጠገብ ቆማ ተረሳች።

"ታዲያ የማምረት አቅማችሁ ምን ያህል ነው?" አለ ሰብሳቢው፣ ለሬዲዮ።

እትዬ ደሟ ፈላ። ዕድሜዋን ሙሉ ያቃጠላት ነገር አሁን የባሏን ኮት ለብሶ፣ እሷ የተኮሰችውን ሸሚዝ አድርጎ ይናገራል። ነርሷን ልትገፋ ይሁን ባሏን ልትጎትት ሳትወስን ብድግ አለች። ግን ቀደመቻት።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ" አለች ነርሷ።

ድምፅዋ አዳራሹን ሞላ። የቁስል ክፍል ድምፅ ነበር፤ ፋሻውን የሚነካካ በሽተኛን የምትቆጣበት። ሬዲዮ ሳያውቀው ቁጭ አለ።

"እሳቸው በሽተኛዬ ናቸው፤ እግዚአብሔር ይማራቸው። ዝንቦቹ ግን የኔ ናቸው። ጥያቄውን ለኔ ይድገሙልኝ።"

ብልቃጡን አንሥታ ወደ ሰብሳቢው ሄደች። የሚሸሽበት ቦታ አልነበረውም፤ ወንበሩ ግድግዳው ጋ ደርሶ ነበር። ዓይን ዓይኑን እያየች ስለ አቅሟ፣ ስለ ንጽሕናው፣ ገና ስለማታውቀውም ጭምር ነገረችው። እትዬ ለመግፋት የተዘረጋ እጇን ወደ ኪሷ መለሰች።

ማዕከሉ ክፍል ሰጣት፤ ማንም ያልፈለገውን፣ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለውን። ሰብሳቢው ሲፈርም ብልቃጡ ስብሰባ ላይ እንዳይመጣ አስጽፏል።

ሬዲዮ ግን አኮረፈ። "ሰው ፊት አስቀመጠችኝ" አለ።

"እኔ አንተን ለማስቀመጥ ስንት ዘመን ሞከርኩ" አለች እትዬ። "ነገ ሄጄ አመሰግናታለሁ።"

ኩርፊያው ብዙ አልቆየም፤ ወሬው ትልቅ ነበራ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ለሚመጣው ሁሉ መተረክ ጀመረ። አንድ ጠዋት ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛ ወሬው ትሎቹ ጋ ሲደርስ ፎጣውን ጥሎ ወጥቶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ባርኔጣ አድርጎ ተመለሰ፤ ሌላ ፀጉር አስተካካይ በሰው የተጀመረ ራስ አልነካም ብሎት ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ቀሪውን አስላጨ። ሊወጣ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ያቺ ነርስ የት ነው የምትገኘው? እናቴ እግሯን ታማብኛለች" አለ።

እትዬ ከጀርባ ክፍል ወጣች፤ ክንዱን ይዛ ራሷ ነርሷ ጋ ወሰደችው።