ከኋላ የሚመጣ ኮቴ

የልጅ ልጄ ማርታ አዲስ የገዛችውን የተራራ ጫማ ከካርቶኑ አውጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ስታስቀምጠው የአዲስ ጎማ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር ተራራ ሊወጡ ነው። ከታክሲ ማቆሚያ እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ ብላ ስታማርር የምትውል ልጅ፣ አሁን ካልሲ በካልሲ ላይ ደርባ ትለካለች፣ ሻንጣዋን ሞልታ መልሳ ታራግፋለች። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከቤት አልወጣም ያልኩትን እኔን ለማጫወት ብላ እዚህ መጥታ እንደምትዘጋጅ አውቃለሁ። እኔን ግን ሽታው ይዞኝ ሄዷል፤ ወደ ነገሌ፣ ወደ ቀዩ አፈር፣ ወደ መጀመሪያው በረባሶዬ።

አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። ከክብረ መንግሥት ነገሌ፣ ከነገሌ ፊልቱ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሁሉ የእሱን ጆንያ ሳይጭን አያልፍም፤ ሾፌሮቹም ወዳጆቹ ነበሩ። በሰው ፊት ጨዋና ለቤተ ክርስቲያን እጁ የተፈታ ነው። ቤት ገብቶ በሩን ሲዘጋ ግን ከግድግዳው ላይ የሚያወርደው የጉማሬ አለንጋ ነበረው። ወጡ ቀጠነ ብሎ እናቴን ይገርፋታል፣ ወፈረ ብሎም ይገርፋታል፤ ምክንያት ሲያጣ ደግሞ ዝም ማለቷ ይበቃዋል። እኔ ከቆጡ ሥር ተደብቄ ጆሮዬን ስይዝ፣ ድምፁ በጣቶቼ መካከል ይገባ ነበር፤ እርጥብ ጨርቅ ድንጋይ ላይ እንደሚወቀጥ ያለ ድምፅ።

አንድ ቀን በቡጢ የፊት ጥርሷን አወለቀው። ጥርሱ ወለሉ ላይ ተንከባለለና አንዷ ዶሮ ጥሬ መስሏት ለቅማ ዋጠችው። እናቴ ደሟን በነጠላዋ እየያዘች ዶሮዋን አየቻት፣ ከዚያ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ አባቴ እንኳ ደንግጦ ወጣ። በዚያው ሰሞን ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ተገዛልኝ።

ከአባቴ ሸሽተን ክብረ መንግሥት ያለው ወንድሟ ቤት ልንሄድ ነው። የትኛውም ሾፌር ወስዶ ለአባቴ ይመልሳት ነበርና የቀረው እግራችን ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን አልፋ የሄደችበት አገር አልነበረም። ስለዚህ አባቴ መጋዘኑ ውስጥ በሚውልበት ሰዓት መንገድ እንለማመድ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ጥላ ይዛ፣ ነጠላዋን እንደ ቅዳሴ አጣፍታ ወጣች፤ የውኃ ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ተረከዛችን ውኃ ቋጥሮ እያነከስን ተመለስን። ቀስ በቀስ ግን እግራችን ጠነከረ። ከከተማው ውጭ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቀይ ኩይሳ ነበር፤ እሱን በእጃችን ነክተን መመለስ ስንችል ተመረቅን አለች።

ምስጢራችንን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ሎኮ ወተት በቅል ይዛልን የምትመጣ የጉጂ ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ከእናቴ ይበልጣል፣ እኔም እንደ እናት አዴ ሎኮ እላታለሁ። በየማለዳው በራፋችን ላይ «ናጋ?» ትላለች፣ እናቴ ባበጠ ከንፈሯ «ናጋ» ትመልሳለች፣ ደህና መሆኗ ነው፤ ሎኮም ያንን ከንፈር እያየች ወተቱን ትሰፍር ነበር።

ለመውጣት ስንቃረብ የእናቴን ጓዝ ፈትታ አየችው። በሶውና ዳቦ ቆሎው ጥሩ ነበር፤ ከሥሩ ግን ጭልፋ፣ ድስት፣ የሠርጓ ካባና ወንፊት ወጣ።

«አንቺ፣ ይሄ ወንፊት ምንድነው? ጫካውን ልትነፊው ነው?»

«አዴ ሎኮ፣ ባዶ እጄን ወንድሜ ቤት ልግባ?»

«ነፍስ ይዘሽ ግቢ። እሱ ይበቃል። ውኃ ያዥ፣ ውኃ!»

ከዚያ ከወተቱ ቅል ጋር ያመጣችውን ቀጭን ዘንግ አወጣች፤ ራሷ ቆርጣ ልጣ፣ ቅቤ አጠጥታ አለስልሳዋለች። ሲንቄ ይባላል፤ የጉጂ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጠው ነው። እናቴ እየተደገፈች ሞከረችውና ለአቀበቱ ደህና ነው ብላ አመሰገነች። ሎኮ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አቀበት? እሺ፣ ለአቀበትም ይሆናል።»

ከሎኮና ወተታቸውን ሸጠው ከሚመለሱ ሴቶች ጋር ተቀላቅለን እኩለ ቀን ላይ ወጣን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የበረባሶዬ ጎማ ግሎ ይሸታል። ልምምዳችን የሚያበቃበትን ኩይሳ አልፈን ብዙም ሳንርቅ ከኋላችን የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። መዞር አላስፈለገኝም፤ የማን በቅሎ እንደሆነ አውቄዋለሁ።

አባቴ ነበር፤ ሁለት ጉጂዎች፣ የመጋዘኑ ጫኞች፣ ከኋላው ይሮጣሉ። ከበቅሎው ሳይወርድ አለንጋውን እናቴ ጀርባ ላይ አሳረፈው፤ ቀሚሷ ተቀደደ፣ በግንባሯ ተደፋች። እግሩን ለመያዝ ስጠጋ በእርካቡ ደረቴን መታኝና አፈር ቃምኩ። ቀና ስል እናቴ ተነሥታለች፣ እሱም ከበቅሎው ወርዷል። ዘንጉን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ አናቱን ልትለው ነበር፤ ዓይኖቿ ውስጥ የእሱን ዓይን አየሁ፣ ከእሱም ይልቅ ያ አስፈራኝ።

«አትምቺ!» አለች ሎኮ። «ያዥው ብቻ! ከመታሽበት ተራ እንጨት ነው!»

እናቴ ዘንጉን አወረደችና አቁማ ያዘችው። ሴቶቹ ቅላቸውን አስቀምጠው፣ የየራሳቸውን ዘንግ ይዘው፣ እልል እያሉ ከጎኗ ቆሙ።

«ምን ቆማችኋል? ያዟት!» አለ አባቴ ጫኞቹን።

አልተንቀሳቀሱም። ትልቁ አንገቱን ደፍቶ «ጌታዬ፣ ሲንቄ ይዛለች። ሲንቄ የያዘችን ሴት መንካት በእኛ ሕግ ክልክል ነው፤ አልችልም» አለ።

«እንጀራዬን እየበላህ!» ብሎ አለንጋውን ወደ እናቴ ሰነዘረ። ሎኮ መሐል ገባች፤ ጫፉ ዓይኗ ላይ አረፈ። ዘንጓን እንደያዘች ቆመች፤ ደሙ በጉንጯ ወርዶ ጨሌዋን አቀላው። ያን ጊዜ ሁለቱ ሰዎች ጌታቸውን ያዙት፤ እጁን ጠምዝዘው አለንጋውን ቀሙት፣ እየተሳደበና እየተራገጠ በቅሎው ላይ ጭነው ልጓሙን ወደ ከተማው አዞሩት። በኋላ የጉጂ ሽማግሌዎች በከብት እንደቀጡት ሰማን። እኛ ሎኮ መንደር አድረን፣ ልጆቿ ዋደራ ድረስ ሸኝተውን፣ አጎቴ ቤት ገባን። የሎኮ ዓይን ግን ከዚያ በኋላ አላየም። ያንን እናቴ እስክትሞት ድረስ ሳታነሣ የዋለችበትን ቀን አላስታውስም።

ባለቤቴን ያገባሁት እዚያው ክብረ መንግሥት ነው፤ መምህር ነበር። በተጫጨን ሰሞን መንገድ ላይ ወደ ኋላ ቀረት ሲል እንደምሸማቀቅ አየና ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ከፊቴ ነበር የሚሄደው። ሚስቱን እንደ አሽከር ከኋላ ያስከትላል ብለው አሙት፤ እህቶቹ ሳይቀሩ ተቆጡት። ፈገግ ብሎ ከማለፍ በቀር ለአንዳቸውም ምክንያቱን አልተናገረም። የኮቱን ጀርባ እያየሁ ጠጉሬ ሸበተ፤ የሄድኩበትን አገር ሁሉ ያየሁት በእሱ ትከሻ በኩል ነው።

ማርታ ጫማዋን አስራ ተነሣች፣ ክፍሉን አንዴ ዞረችና አጎንብሳ እጄን ያዘችኝ።

«እማማ፣ ቅዳሜ እስከ ተራራው ሥር እንኳ ይምጡ። ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፤ አይፍሩ፣ እኔ ከኋላዎ ሆኜ እጠብቅዎታለሁ።»

ፍቅሯ ነው የሚያናግራት። ከኋላዬ አትሁኚ እንድላት ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው መተረክ ሊኖርብኝ ነው። አንዴ ሰምቶ፣ ደግሜ ሳልነግረው ከፊቴ የሚሆንልኝ ሰው አንድ ነበር።