ሦስት እስኪሉ ድረስ

ካዛንቺስ ውስጥ ምሳ እየበላሁ ነው የያዙኝ። ምክንያቱ ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩት ግጥም ነው። ቂርቆስ ወዳለው ጣቢያ ስገባ የቃሪያው ቃጠሎ ገና ከምላሴ አልለቀቀም ነበር። የክፍሉ በር ሲከፈት የእርጥብ ካልሲ ሽታ ተቀበለኝ። ከግድግዳው ስር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ግባ፣ አትፈር፤ ሰፊ ቤት ነው» አሉኝ። እግሬን የማሳርፍበት እንኳ አልነበረም።

ሽማግሌው ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈራቸው ሊነሳ ሲል ስብሰባ ላይ ተቃውመው ተናግረው ነው የገቡት። ሁላችንም አባባ እንላቸው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ እርጥቡ ሲሚንቶ አዳለጣቸውና ወደቁ። እኛም ሰው ሲወድቅ የምናውቀውን አደረግን፤ «እኔን! እኔን!» እያልን ብብታቸው ስር ገባን። አንዱ ክንዳቸውን ጎተተ፣ እኔ ሌላውን። ቶሎ ከቆሙ ያልወደቁ ይመስለናል። ጮኹ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

«ልቀቋቸው! ባሉበት ይሁኑ!» ያለው አብሮን የታሰረ ነርስ ነው። ተንበርክኮ አያቸው። ግራ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል።

«ዳሌያቸው ሳይሰበር አይቀርም። ክንዳቸውን ስትጎትቱ ስብራቱን ታብሱታላችሁ፤ ትከሻቸውንም ትጨምሩበታላችሁ።»

ተረኛው ፖሊስ ብቅ አለ። መኪና ነበር፤ ግን እስረኞች ጭኖ ፍርድ ቤት ሊሄድ ነው።

«ሆስፒታል የሚሄዱ ከሆነ አሁኑኑ አውጧቸው፤ በመንገዱ ያደርሳቸዋል። ከሄደ እስከ ማታ አይመለስም።»

ነርሱ ወፍራም ብርድ ልብስ አስመጣ። አባባ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ።

«በዚህ ልትሸከሙኝ? ሬሳ ነኝ እንዴ? በእግሬ ነው የምወጣው።»

«አባባ፣ እግርዎ አይችልም።»

«እንግዲያው እዚሁ ተዉኝ።»

«መኪናው ይሄዳል እኮ» አለ ፖሊሱ።

«ይሂዳ!»

ነርሱ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። «በሽተኛ ሲነሳ አዛዡ አንድ ሰው ነው። እሱ ሳይቆጥር ማንም አይንቀሳቀስም። ዛሬ አዛዡ እርስዎ ይሁኑ።»

አባባ አሰቡበት። «ይሄ ገጣሚውስ? ችኩል ነው።»

«እሱንም ይዘዙታል። ሦስት ሲሉ ብቻ ነው የምናነሳው።»

በእግሮቻቸው መሃል የታጠፈ ጃኬት አደረግን። እሳቸው እየቆጠሩ ትከሻና ዳሌያቸውን አንድ ላይ ይዘን ወደ ደህናው ጎን በዝግታ አዞርናቸው። ግማሹ የተጠቀለለውን ብርድ ልብስ ከጀርባቸው ስር ሻጥን፤ መልሰን አስተኝተን በወዲያኛው በኩል ዘረጋነው። ከዚያ ግራና ቀኝ ቁጢጥ አልን።

«ጠርዙን ጠቅልላችሁ ወደ ሆዳችሁ አስጠጉ» አለ ነርሱ። «በእግራችሁ ተነሱ፤ ወገባችሁን አታጉብጡ።»

አንዱ ጥግ ሰው ጎደለው። ፖሊሱ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መጣና ያዘው።

«አንድ» አሉ አባባ። «ሁለት።»

እዚያ ላይ ቆሙ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ውጭ መኪናው ክላክስ አደረገ። ፖሊሱ ወደ በሩ አየ፤ ግን አልተነሳም። እኛም አልተነሳንም። ክፍሉ ሙሉ፣ ጠባቂው ሳይቀር፣ የአንድ ልብስ ሰፊ አፍ እያየ ቆየ።

«ሦስት!»

አንድ ላይ ተነሳን። እሳቸው አልጮኹም።

«ቀስ! በሩ ጋ ጠበብ በሉ! አንተ ፖሊሱ፣ ዝቅ አድርገኸኛል!»

«እሺ አባባ» አለ ፖሊሱ፣ ከፍ እያደረገ።

ከተፈታሁ በኋላ ነርሱን ሰንጋ ተራ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘሁት። አባባ ቀዶ ጥገናው ተሳክቶላቸው በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ልጃቸው ቤት ሆነው የጎረቤት ሱሪ ያሳጥራሉ አለኝ።

ስለ እስር ቤቱ ግጥም እንድጽፍ የሚጠይቁኝ አሉ። ስለ ጨለማ የሚጠብቁ ይመስለኛል። ለእኔ ግን ትዝ የምትለኝ በሁለትና በሦስት መካከል የነበረችው ዝምታ ናት። ቃል ገና አላገኘሁላትም፤ ፍለጋው ግን ደስ ይላል።