ሰው ሳይሞት የተቀመጥንበት ለቅሶ

ወገኖች፣ ልመሰክር ነው የወጣሁት። ምስጋናው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ግን በደሉ ይነገርልኝ። ታናሽ እህቴ ጸዳለ ከዚህ ከጉለሌ ከወጣቶቹ ጋር ለወንጌል ሄዳ በሰው አገር ታማ ስትቀር፣ ለእኛ ለቤተሰቦቿ የነገረን ሰው አልነበረም። ስድስት ሆነው ሄዱ፣ አምስት ሆነው ተመለሱ፤ አንዳቸውም ደጃችንን አላንኳኩም። መጋቢያችን "እማማ የሺ፣ ይቅር ብለዋቸው የለም እንዴ?" ይለኛል። ይቅር ብያለሁ። ይቅር ማለትና አልተደረገም ማለት ግን ለየቅል ናቸው።

ዛሬ ይህን ያነሳሁት በእነዚህ ልጆች ምክንያት ነው። ነገ ለሁለት ሳምንት ወደ ውጭ አገር ለአገልግሎት ይሄዳሉ። ይኸው አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ እናቶቻቸው ሻንጣ ሲያዘጋጁ ሰነበቱ። ሳያቸው ደስ ይለኛል፤ ደግሞ እህቴ ትዝ ትለኛለች። ጸዳለ የሄደችው በአንድ ዘንቢል ነበር። ከላይ ሽንኩርት ጣል አድርጋበት፣ ገበያ እንደምትወርድ ሰው።

ጊዜው የደርግ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጓል፤ "ጴንጤ" መባል ያሳስራል። እኔ ያኔ አማኝ አልነበርኩም። ሽሮ ሜዳ ጥጥ እየፈተልኩ ለሸማኔዎች አቀርብ ነበር። ሚዛን የሚያጎድልብኝን ነጋዴ ገበያ መሀል አንገቱን የምይዝ ሴት ነበርኩ። ጸዳለን "እነዚያ ጓደኞችሽ አንድ ቀን ያስበሉሻል" እላታለሁ። እሷ ትስቃለች።

"የሺዬ፣ አንቺ እኮ ጌታንም ብታገኚው ሚዛን ላይ ታወጪዋለሽ።"

"ቢጎድልስ ዝም ብዬ ልቀበለው ነው?"

አሁንም አንዳንዴ ስፈትል ሳቋ ይመጣብኛል። እንዲያ ስቃ ነው አንድ ማለዳ "ጥቂት ቀን እቆያለሁ፣ አታስቡ" ብላን የወጣችው።

የሄዱት ሞያሌ ነበር፤ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ከተማዋ አንድ ናት፤ ግማሿ የእኛ፣ ግማሿ የኬንያ። ከወጣቶቹ አንዱ የዚያ አገር ልጅ ስለነበር ከገበያተኛ ጋር ቀላቅሎ አሻገራቸው። እዚያ ማዶ ያለች ትንሽ ጉባኤ ልጆቻችንን መዝሙር አስተምሩልን ብላ ለምናቸው ነበር። ሊመለሱ ሲሉ ጸዳለን ወባ ጣላት። እነሱ ቢዘገዩ ከሥራና ከትምህርት ቤት መጥፋታቸው ይታወቃል፤ ቤታቸው ይበረበራል። እሷን ማዶ ለምእመናኑ አደራ ሰጥተው መጡ።

እኛ ቤት እናቴ በር በሩን ታያለች። አንድ ቀን የወጣቶቹን መሪ ታምራትን ዊንጌት ጋ አውቶቡስ ሲጠብቅ አገኘሁት። አየኝና ፊቱን አዞረ።

"ጸዳለስ?" አልኩት።

"እ... ደህና ናት።"

"ደህናስ ትሁን። የት ናት?"

"እትዬ ባፈናን ጠይቂ" ብሎኝ የእሱ ያልሆነ አውቶቡስ ላይ ወጣ።

እትዬ ባፈና ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፤ ወጣቶቹ የሚጸልዩት እሷ ቤት ነው። ወገኖች፣ በዚያ ዘመን ሰው ሲሰበሰብ ቀበሌ ይጠይቃል፤ ለቅሶን ግን ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ ለቀስተኛ መስለው ነበር የሚቀመጡት፤ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎ፣ ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ተከናንበው። እኔ ይህን ከየት ልወቅ? እሁድ ከሰዓት በሩን ገፋ ሳደርግ ፍራሹን አየሁ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየሁ፣ ታምራት እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ለካ ለእህቴ ፈውስ እየጸለየ ነው። እኔ ግን መርዶዬን ያየሁ መሰለኝ።

ደረቴን መታሁ። "እህቴን! እህቴን በላችኋት!" አልኩ። ድምፄን ታውቁታላችሁ፤ ያኔማ ኮረብታውን ይሻገር ነበር። ጎረቤቱ እያለቀሰ ገባ። የዕድሩ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ። የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ኮፍያውን አውልቆ ሊያስተዛዝን ቆመ። ከዚያ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ጡሩምባውን ብብቱ ስር አድርጎ እትዬ ባፈናን ጠየቃት።

"የማንን ስም ልጥራ?"

ጡሩምባውን ወደ አፉ አስጠግቶ እንደገና ጠየቀ።

"ስም ስጡኝ እንጂ፤ ስም የሌለው ሬሳ አልጠራም እኮ።"

አስቡት ወገኖች። እትዬ ባፈና "ጸዳለ ሞተች" ብትል ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ሊቀመንበሩም ንፍሮውን በልቶ ይሄድ ነበር። እትዬ ባፈና መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች።

"ማንም አልሞተም" አለች። "የተሰበሰብነው ለጸሎት ነው። ሰው ልሸሽግ ብዬ ለቀስተኛ መስዬ ተቀምጫለሁ፤ ሕያው ልጅ ግን በስሟ አላስነፋባትም። የዚህች ልጅ እህት ታማለች እንጂ በሕይወት አለች።"

ሊቀመንበሩ ኮፍያውን መልሶ አደረገ። "የት ነው ያለችው?"

"እሱን አልነግርህም።"

ቤቱ የእኔ ነው፣ የጠራኋቸውም እኔ ነኝ ብላ ወጣቶቹን አስለቀቀች። እሷን ወሰዷት።

ቤት ስገባ እናቴ "ልጄ አለች?" አለችኝ።

"አለች።"

"በምን አወቅሽ?"

"ብትዋሽ የምትድን ሴት ናት የነገረችኝ" አልኳት።

ይህን ከአፌ ካወጣሁ በኋላ ራሴው ሰማሁት። እንዝርቴን ይዤ ስቀመጥ አልለቀኝ አለ። ይህቺን አሮጊት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያቆማት ማን ነው? አንድ ጠዋት እየፈተልኩ "የባፈና ጌታ፣ ያን ዕለት አብረሃት የቆምክ አንተ ከሆንክ እኔም ካንተ ጋር ልሁን" አልኩ። ሌላ ቃል አላውቅም ነበር። ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ አልጎደለም። ስሙ ይባረክ።

ለእትዬ ባፈና እስር ቤት ስንቅ መውሰድ ጀመርኩ። ስንቁን በሰጠኋት ቁጥር "ለምን አልነገራችሁኝም?" እላታለሁ፤ እሷም "ከራሷ ከጸዳለ አፍ ትሰሚዋለሽ" ትለኛለች። ጥበቃው ሰለቸውና "አንቺ ሴትዮ፣ የምታመጪው ስንቅ ነው ክስ?" አለኝ።

"ሁለቱንም ነው። ፈትሽ" አልኩት።

ክረምቱ ሲወጣ እትዬ ባፈና ተፈታች። ከዚያ በኋላ ጸዳለ መጣች፤ ከስታ፣ ፀጉሯ ሳስቶ፣ በእግሯ ቆማ። ሐኪም ቤት ወሰድናት። ዶክተሩ "ወባው ጭንቅላቷ ድረስ ወጥቶ ነበር፤ እንዴት እንደተረፈች እኔ አላውቅም" አለን። እኛ እናውቃለን። ጌታ ይመስገን።

እነሆ እኔ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። እትዬ ባፈና ወደ ጌታዋ ሄዳለች፤ ያን ቀን ጡሩምባው በእውነት በስሟ ተነፋ። ያ ፍራሽ፣ ያ ቀስ ተብሎ የሚዘመር መዝሙር ይናፍቀኛል። እዚህ መሀል ልቡ የሚያመነታ ካለ፣ እኔ የማታምን ሴት ነበርኩ፤ መዝኜው ነው የተጠጋሁት። አንተም መዝነው፤ አንቺም መዝኚው። እናንተ ተጓዦች ደግሞ የት እንደምታድሩ ለእናቶቻችሁ ሳትናገሩ ከዚህ ግቢ እንዳትወጡ።

መልሱን ሳልነግራችሁ አልወርድም። ጸዳለ ከሐኪም ቤት እንደተመለሰች፣ ገና አረፍ ሳትል "ለምን አልተነገረኝም?" አልኳት።

"እነሱን ተያቸው" አለችኝ። "እኔ ነኝ እንዳይነግሩሽ ያስማልኳቸው። አንቺ ብትሰሚ በእግርሽም ቢሆን ትመጪ ነበር፤ ድንበሩ ላይ ይይዙሽ ነበር። የሺዬ፣ እኔ ከወባው ይልቅ የፈራሁት ያንቺን መምጣት ነው።"