ከሰማይ የወረደው ስስ ላስቲክ

ገንዳ ውሃ ከተማ ላስቲክና ሸራ ስሸጥ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወፍራሙን ለዝናብ፣ ስሱን ለጥላ እሰጥ ነበር፤ ከዚህ ያለፈ የማውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን፣ ኮኪት አካባቢ የሚያርሱ አንድ አዛውንት ደንበኛዬ አንድ ጆንያ በባጃጅ ጭነው መጡ። ውስጡ ማሳቸው ላይ ወድቆ የተገኘ ላስቲክ ነበር። አብራው የወደቀችውን ትንሽ ሳጥን ለወረዳው አስረክበዋል።

"ከደመና በላይ ወጥቶ አየሩን የሚለካ ፊኛ ነው አሉኝ" አሉ። "እኔ የምጠይቅሽ ዝናብ ይችል እንደሆነ ነው።"

ብንዘረጋው ሱቁ አልበቃው አለ፤ መንገድ ላይ አወጣነው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። የስፌት ክር የለውም፤ ቁርጥራጮቹ በሙቀት ተጣብቀው መጋጠሚያው ላይ ጥብጣብ ሄዶበታል። ጫፉን ይዤ ሳብኩት። እንደሌላው ስስ ላስቲክ ተተርትሮ ይሄዳል ስል፣ ነጣ ብሎ ረዘመ እንጂ አልተቀደደም። ቢሆንም አላመንኩትም።

"አባባ፣ ይህ አያስጥልዎትም። ሸራ ይውሰዱ።"

"አንቺማ ሸራ ሻጭ ነሽ" ብለው ሳቁና ጆንያቸውን ይዘው ሄዱ።

በሳምንቱ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። የብዙ ሰው የሰሊጥ ክምር ራሰ። በማግስቱ ለአዛውንቱ ጎረቤት ሸራ ላደርስ ስሄድ ወደ እሳቸው ማሳ ጎራ አልኩ። ፊኛውን በክምሮቹ ላይ ወጥረው ዳር ዳሩን ድንጋይ ጭነውበታል። መሃል መሃሉ ላይ ውሃ አቁሮ እንደ ሆድ ተዘርጥጧል፤ አንድም ቦታ አልተቀደደም። አጠገቡ ግን አምና ከእኔ የገዙት ወፍራም ላስቲክ እጥፋቱ ላይ ተሰነጣጥቆ ሥሩ ያለው ሰሊጥ ርሷል።

"ነይ፣ እጅሽን አስገቢና እይው" አሉኝ።

ከፊኛው ሥር እጄን ሰደድኩ። ሰሊጡ ደረቅ ነው። ላስቲኩ ግን ከውስጥ በኩል አልቦት፣ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ።

"አባባ፣ ታፍኗል። አሁኑኑ ይግለጡት፤ አለዚያ ይሻግትብዎታል።"

ወዲያው የቀን ሠራተኞቻቸውን ጠሩ። ውሃውን ወደ ዳር አፍስሰን አብረን ገለጥነው። የሸጥኩላቸው ተሰነጣጥቆ ፊኛው በመቻሉ አፍሬ ነበር፤ ሸራ ይግዙ ሳልል ተመለስኩ።

ኋላ አንድ የፊዚክስ መምህር ስለ ፊኛው ነገረኝ። እዚያ ላይ ብርዱ ሌላውን ላስቲክ እንደ ብርጭቆ ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ቀላልና በብርድም የሚለጠጥ ዓይነት ይመረጣል። የሚሠራው ግን ለጥቂት ጊዜ ነው፤ የዓመት ፀሐይ ይችላል ብሎ ያሰበው የለም።

አዛውንቱ ሰሊጣቸውን አራግፈው ካስገቡ በኋላ ፊኛውን ለሠራተኞቹ ዳስ አለበሱት። በጋው ሳያልቅ በእጅ ሲነኩት የሚፈረፈር ሆነ፤ ነፋሱም ማሳው ላይ በተነው። ከብት እንዳይበላው ብለው ሠራተኞቹን ሙሉ ቀን አስለቅመው ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት።