ከዚህ ክፍል አንወጣም

የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ሆሳዕና መጥተዋል ሲባል እንደሰማሁ፣ ከማስተምርበት ከሀቢቾ ፈቃድ ጠይቄ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተጋርደው ሰው የምትለየው በድምፁ ነበር።

አብረውኝ የሚያስተምሩት ሆቴሉን አሞግሰውልኝ ነበር፤ ሻወር አለው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ለሆስፒታሉም ቅርብ ነው ብለው። እውነት ሆኖ ያገኘሁት ቅርብ መሆኑን ብቻ ነው። ክፍላችን ከቡና ቤቱ ጀርባ ነበር። በሩ ግማሹ እንኳ ሳይከፈት ከአልጋው ጋር ስለሚላተም በጎን ሾልኮ መግባት ነው። ግድግዳው ችፑድ በመሆኑ ጎረቤት ሲያስል ትራሳችን ላይ ያሳለ ይመስላል። የሻወሩ ቧንቧ ዝጎ ደርቋል፤ ከግቢው በርሜል በጣሳ እየቀዳን ተጣጠብን። በጣም ከፋኝ። ግን ለስብሰባ ከአውራጃው ሁሉ ሰው ስለተጠራ በከተማው ሌላ አልጋ አልነበረም።

የእናቴ አንደኛው ዓይን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ፣ "ፋሻው እስኪፈታ እንዳትንቀሳቀስ፣ እንዳታጎነብስ" ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሆስፒታሉ ሞልቶ ስለነበር ዓይኗ እንደታሸገ ወደ ክፍላችን መለስኳት።

በማግስቱ የሆቴሉ ኃላፊ አንኳኳ።

"መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክፍሉን ለተሰብሳቢዎች እንዲለቁ ታዟል።"

"ወዴት እንሂድ?"

"እሱን አላውቅም። የበላይ ትእዛዝ ነው።"

በደርግ ጊዜ እንዲህ ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አማርኛ የማትሰማው እናቴ፣ "ምን ይላል?" አለችኝ በሀዲይኛ።

"ሻይ ልላክላችሁ ወይ እያለ ነው" አልኳትና ወጥቼ በሩን ከኋላዬ ገጠምኩት።

"ከዚህ ክፍል አንወጣም" አልኩት። "ያዘዘው ሰው ራሱ ይምጣና እናቴን እጇን ይዞ ያውጣት። ዓይኗ ቢጠፋ ግን የሚጠየቀው እሱ ነው።"

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። ትቶኝ ሄደ። እኔም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ወታደር ይዞ ቢመጣም አልነሳም እያልኩ ጠበቅሁ። ሲመለስ ያስከተለው ከሴቶች ማኅበር የመጡ ሁለት ተሰብሳቢዎችን ነበር።

"እንግዲያው እነዚህን ያስጠጉልኝ" አለኝ።

ለሁለት ሰው በማይበቃ ክፍል አራት ሆንን። ሴቶቹ ያለችው ክፍተት ላይ ሰሌን አንጥፈው ተኙ፤ አንዷ ስትገላበጥ ሌላዋም አብራ መገላበጥ ነበረባት። ከአንጋጫ የመጣችው ከስብሰባው በተመለሰች ቁጥር ለእናቴ ሾርባ ይዛላት ትመጣለች። እሷ በከምባትኛ፣ እናቴ በሀዲይኛ፣ ግማሹን በግምት እየሞሉ ሲያወሩ ያመሻሉ።

ፋሻው የተፈታ ዕለት እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። "ከስተሻል" አለች።

ዕቃችንን ልናነሳ ወደ ሆቴሉ ስንመለስ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ቃኘችው። ጸቡን ለካ ያቺ የአንጋጫዋ ሴት ከኃላፊው ሰምታ ነግራታለች።

"ለዚች ጉሬ ነው ከሰው የተጣላሽው?"

"ለዚችው ነው።"

ሳቀች። በጎን ሾልካ ገብታ ነጠላዋን ከምስማሩ ላይ ራሷ አወረደች።

"ሐኪሞቹ ለሌላኛው ዓይኔ ተመልሰው ይመጣሉ ብለሽኝ የለም?" አለችኝ። "ያኔ የት ልናርፍ ነው?"

"እዚሁ" አልኳት።