እስከ በራችን የጻፍኩት መንገድ

የብዙ ሰው እግር ጠጠር ላይ ሲንኮሻኮሽ ስሰማ ፊቴ ይግላል። ዛሬም ጠዋት ሰዎች በመስኮቴ ሥር ሲያልፉ ሰምቼ፣ ማንም ሳያየኝ አፈርኩ።

አምቦ አስረኛ ክፍል ነበርኩ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መንገድ ለማያውቅ ሰው አቅጣጫ መጻፍ ያስተምረን ነበር። «ጎ ስትሬት ኦን» ብሎ ማቆም ዋጋ የለውም ይል ነበር፤ እስከ ምን ድረስ የሚለው ካልተጻፈ አንባቢው ቀጥ ብሎ ሁሉቃ ወንዝ ይገባል። እኛ አገር መንገድ የጠየቀ ሰው እጁን ተይዞ ይደርሳል እንጂ ማን ይጽፍለታል? እኔ ግን ጻፍኩ። ከትምህርት ቤት ቀጥ በሉ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ ወደ ግራ ታጠፉ፣ ከዚያ ቀጥ በሉ እስከ ቆርቆሮው አጥር። ቤታችን ነው።

አስተማሪው ወደደልኝ። «እንሞክረው» አለና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁላችንንም ይዞን ወጣ። ማንም እንዳይናገር፣ እኔም ጭምር፤ የሚመራን ወረቀቱ ብቻ ነው። ጤዛ ያረጠበው ባሕር ዛፍ ይሸታል። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ወፍጮ ቤቱ ጋ አንዲት ጎረቤታችን አየችን። በማለዳ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው፣ ከፊት ደግሞ ወረቀት የያዘ። ወንድሜ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሰንብቷል። ሴትዮዋ ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላችን ገባች። እሷን ያዩ ሌሎችም ተከተሏት። እኔ ሞኟ፣ እንግሊዝኛዬን ሊያዩልኝ የመጡ መስሎኝ ነበር።

ጽሑፌ አንድም ቦታ አላሳሳተንም። በራችን ላይ ደረስን።

እናቴ ወጣች። አስተማሪውን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች።

«ኢልማ ኮ» አለች ቀስ ብላ፤ ልጄን ማለቷ ነው። «የት ወደቀ?»

መሬት ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ለቅሶውን ጀመሩት። እኔ ትከሻዋን እየነቀነቅኩ «እማዬ፣ ትምህርት ነው፤ እንግሊዝኛ ነው» እላለሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ ሳቀ። አስተማሪው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ጎረቤታችን፣ ታዲያ አፍ የላችሁም ወይ ብላ ተቆጣችን።

እናቴ ውላ አድራ ቀልድ አደረገችው። ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ባየች ቁጥር «እንግሊዝኛ ተማሪዎች መጡ» ትላለች፤ እፍረቴን ልታስረሳኝ።

በዓመቱ እውነተኞቹ መጡ። ገና ሲነጋ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ዝም ብለው። የቀበሌው ሊቀመንበር መሃላቸው ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እኔ ከእናቴ ኋላ ነበርኩ፤ ቀድሜ ገባኝ። እሷ ፈገግ ብላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላቸው።

«ግቡ» አለቻቸው። «ዛሬስ መንገዱን የጻፈላችሁ ማን ነው?»