የአለምሰገድ ምላስና የሮማነወርቅ አፍንጫ

አለምሰገድን አፍንጫው የከዳው በጥር ጉንፋን ነው። ጉንፋኑ ለቀቀው፤ ማሽተቱ ግን አልተመለሰም። ሹፌር ወይም ጥበቃ ቢሆን ኖሮ ችሎ ይኖር ነበር። እሱ ግን ፓርክ ሂል ከሚባለው ሰፈር ወረድ ብሎ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ባለ ሊከር ስቶር፣ መጠጥ መሸጫ ሱቅ፣ ወይን ጠጅ እየቀመሰ የሚመርጥ ሰው ነው። ካፒቶል ሂል ሰፈር ቤት ተከራይቶ፣ ሆቴል ሰሃን እያጠበ ከኖረበት ዘመን ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የተማረው ሙያ ይኸው ነው። እንጀራው ያለው አፍንጫው ላይ ነው።

ለባለሱቁ ለዴቭም ሆነ ለሚስቱ ለሮማነወርቅ ትንፍሽ አላለም። ደንበኛ ሲጠይቀው ጠርሙሱን እያገላበጠ አምና የሚያውቀውን ሽታ ይናገራል። በቀዩ ወይን ይህ ለጊዜው አስኬደው። እንቅልፍ የነሳው የጀርመኑ ነጭ ነው።

አገሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አንዱ መከር ከሌላው አይመሳሰልም። በፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠና ስድስቱ ጎምዛዛ ነው፣ ጥርስ ያጠርሳል። የዘጠና ሰባቱ ፀሐይ የጠገበ፣ ለስላሳ። ግን ዓመት ብቻ አይበቃም፤ በከባዱ ዓመት የሚጎብዝ አምራች አለ፣ በቀላሉ ዓመት የሚዝረከረክም አለ። ስለዚህ ዓመቱንም አምራች ቤቱንም ጎን ለጎን አድርገው ካልቀመሱ ፍርድ የለም።

በሁዳዴ መሀል አከፋፋዩ አራት ጠርሙስ ትቶለት ሄደ። ሁለቱ፣ የዘጠና ስድስቱና የዘጠና ሰባቱ፣ ክሊንክማን ከሚባል ሞዝል ወንዝ ዳር ካለ ትንሽ ቤት የመጡ ናቸው። የቀሩት ሁለቱም የእነዚያው ዓመታት ሆነው፣ ኦበርታል ከሚባል ትልቅ ቤት ናቸው። ዴቭ ለበዓሉ ከአንዱ ብቻ በርከት አድርጎ ማስገባት ፈልጓል፤ የትኛውን እንደሆነ አለምሰገድ በማግስቱ ሊነግረው ነው።

ጠርሙሶቹን ይዞ ኦሮራ ካለው ቤቱ ገባና ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አራት ብርጭቆ ደረደረ። ምላሱ አልከዳውም፤ ጣፋጭና ጎምዛዛ ይለያል። የክሊንክማን ዘጠና ስድስት እንደ ሎሚ ጠዘጠዘው፣ ወዲያው ግን ጣፋጩ ደርሶ አስታረቀው። ዘጠና ሰባቱ ደስ ብሎ ጀመረና ቶሎ ጠፋ። የኦበርታል ዘጠና ስድስት ጉምዛዜው ብቻውን ቀረ። የኦበርታል ዘጠና ሰባት ሞላ ያለ ነው፤ ጣፋጩና ጉምዛዜው እኩል ለእኩል ቆመዋል። ምላሱ ይህን መረጠ። ነገር ግን ሽታ የሌለው ፍርድ የግማሽ ሰው ምስክርነት መሆኑን ያውቃል።

ቀና ሲል ሮማነወርቅ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላለች። የምስር ወጥ እየሠራች ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ስላልሞላ አትቀምስም። እንፋሎቱን ሳብ አደረገች፣ ቁሌቱ ገና ነው አለች ለራሷ፣ ጠብ የምታህል ውሃ ጨመረች፣ እንደገና ሳበች። በየጾሙ ወጥ የምታደርሰው እንዲህ ነው፣ በአፍንጫዋ። አለምሰገድ ይህን ስንት ዓመት እያየ፣ አይቶት አያውቅም ነበር።

«ሮሚ፣ እስቲ ይህን አሽቺልኝ።»

«አንተስ አፍንጫህን ለማን አዋስከው?»

ነገራት። ምድጃውን አጥፍታ ዞረች።

«ባለፈው ሽንኩርቱ ሲያርር አጠገቡ ተገትረህ ዝም ያልከው ለዚህ ነው?»

ለዚያ ነው አላት። ተቆጣች፤ የተቆጣችው ስለ ሽንኩርቱ ሳይሆን እስካሁን ስለደበቃት ነው። ጾሙን አስባ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ማሽተት ቢያስገድፍማ ኮልፋክስ ላይ የሥጋ ጥብስ እያሸተተ ባስ የሚጠብቅ አበሻ በሙሉ ከገደፈ ቆይቷል ብላ ወንበር ሳበች።

የመጀመሪያው ኮክ ኮክ ይላል፣ ደግሞ ዝናብ የነካው ድንጋይ አለው አለች። ሁለተኛው የበሰለ ፖም ነው። ሦስተኛውን የታጨደ ሣር አለችው። አራተኛው ላይ ፊቷን አጨማደደች።

«ይኸኛው ውሃ የነካው ጆንያ ነው። ምድር ቤት የከረመ።»

አለምሰገድ ደግሞ ተጎነጨ። ጣፋጭ፣ ሞላ ያለ፣ እንከን የለሽ። ከአራቱ ምርጡ ይኸው ነው ብሎ ሊሟገት ሲጀምር አቋረጠችው።

«ቅመስ እንጂ ስለ ሽታ አትከራከረኝ።»

ነገሩ ወዲያው ገባው። ቡሹ ነው። የሻገተ የጠርሙስ ቡሽ ሽታውን ለወይኑ ያስተላልፋል፤ ያችኑ ጠርሙስ ይገድላል እንጂ ቤቱንም ሆነ ዓመቱን አያስወቅስም፤ ሌላ ጠርሙስ ተከፍቶ መታየት አለበት። ያስደነገጠው ግን ጠርሙሱ አይደለም። ብቻውን ቢሆን ኖሮ፣ አፍንጫ ያለው ሰው ሁሉ የሚደፋውን ወይን አሞግሶ፣ ዴቭ ፊት ቀርቦ ይማልለት ነበር። እንደዚህ ስንቱን አሞግሶ ይሆን ከጥር ወዲህ?

የቡሹን ሽታ ራሴ ደረስኩበት ብል ማን ያውቅብኛል ሲል አሰበ፤ አሳቡንም ለሚስቱ ነገራት። ሮማነወርቅ ምድጃውን መልሳ እየለኮሰች፣ «የነገውንስ ማን ሊያሸትልህ ነው?» አለችው።

በማግስቱ ለዴቭ ሁሉንም ነገረው። ዴቭ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ያለዚህ የጠርሙሱን ጽሑፍ አላነብም፣ ግን ስለ መነጽሬ ማንንም ዋሽቼ አላውቅም አለው። አፍንጫህ እስኪመለስ ቀዩን እኔ ራሴ እቀምሳለሁ ሲለው አለምሰገድ አንገቱን ደፋ። ቀዩን የመምረጡን ሥራ ለማግኘት ስንት ዓመት ጠብቋል። ሰውየው ግን ትክክል ነው።

«የጀርመኑን ሚስትህ ትቀጥልልሃለች?» አለ ዴቭ።

አለምሰገድ ከፈቀደች አለው። አከፋፋዩ ሌላ የኦበርታል ዘጠና ሰባት ጠርሙስ ቀትር ላይ አመጣ። አለምሰገድ ቤት ደወለና፣ ዴቭ ራሱ ሊያመሰግናት ስለሚፈልግ ሱቅ ብትመጣስ አላት። እሷ ግን በፈረንጅ ፊት ብርጭቆ አታሸትም።

«ወጥ ጥጄ የትም አልሄድም። ጠርሙሱን ይዘህ ና» አለችው፤ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ደግሞ፣ «ብርጭቆውን ራስህ እጠብ፣ ትናንት የሳሙና ሽታ ነበረው።»